ረጅም በረራና የሚያብጥ እግር

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 56 ነው። ለደም ግፊት አምሎዲፒን እወስዳለሁ። ባለፈው 9 ሰዓት በርሬ ስደርስ ሁለቱም እግሬ አብጦ ጫማዬ አልገባ አለኝ። አሁን ልጄ ልትወልድ ስለሆነ ከሲንጋፖር ኒውዮርክ እሄዳለሁ። ቀጥታው በረራ 15,300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ18 ሰዓት በላይ ነው። መሃል ላይ የሚያርፈው ደግሞ 24 ሰዓት ይፈጃል። ለእግሬ የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ ልጅዎን በሰላም ያገላግልልን።

ኪሎ ሜትሩ አያስጨንቅዎት። ለእግር ደም ሥር ወሳኙ ሳይነሱ የተቀመጡበት ሰዓት ነው። ለንደንና ኒውዮርክን ይውሰዱ። ርቀቱ ሲሄዱም ሲመለሱም ያው 5,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ምዕራብ ሲበሩ ግን ነፋሱ ከፊት ስለሚገጥም መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል ይረዝማል።

ሲራመዱ ባትዎ እየተኮማተረ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። ሲቀመጡ ይህ ሥራ ይቆማል፤ ፈሳሹም ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠራቀማል። ሁለቱም እግር እኩል አብጦ አድሮ ከጎደለ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። አምሎዲፒን ራሱም ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። ይህን የሚነግረው ስለማያገኝ ስንቱ ሰው በከንቱ ይጨነቃል! መድኃኒቱን ግን በራስዎ እንዳያቋርጡ። ከጉዞው በፊት ሐኪምዎ ይይዎት፤ ልብና ኩላሊትዎንም በዚያው ይመርምርልዎት።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የደም መርጋት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳስታወቀው፣ ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ አደጋውን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ያም ሆኖ ጤነኛ ሰው ላይ የሚደርሰው ከ6,000 አንዱን ያህል ነው። ከዚህ በፊት ደም ረግቶብዎት ከነበረ፣ ካንሰር ካለብዎት ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህን ለሐኪምዎ ሳይነግሩ ቲኬት አይቁረጡ።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለብዎት ቀጥታውን ይምረጡ። ትራንዚት የሚጠቅመው እየተራመዱ ካሳለፉት ነው። እዚያም ወንበር ላይ ከዋሉ የመቀመጫ ሰዓት ጨመሩ ማለት ነው።

መቀመጫዎ መተላለፊያው ዳር ይሁን። በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ይነሱ። ተቀምጠውም ተረከዝዎን መሬት አስነክተው ጣቶችዎን ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ጣቶችዎን አስነክተው ተረከዝዎን ወደ ላይ ያንሱ። ሻንጣ እግርዎ ሥር አያስገቡ፤ መዘርጊያ ያሳጣዎታል። ጠበቅ ያለውን የሕክምና ካልሲ በልክዎ ያሠሩ ወይም ይግዙ። የእንቅልፍ ኪኒን ይቅርብዎት፣ ሰዓታት ሙሉ ሳይነቃነቁ ያስተኛዎታልና። ለበረራው ብለውም አስፒሪን አይጀምሩ።

ከደረሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት አንድ እግርዎ ብቻ ካበጠ፣ ባትዎ ካመመዎት ወይም ከጋለ፣ በዚያው ቀን ይታዩ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ደረትዎን ከወጋዎት ወይም ደም ካሳለዎት ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከረጅም በረራ እንደመጡም ሐኪሙ እስኪጠይቅዎት ሳይጠብቁ ይንገሩት።