ለዛንዚባሩ ጥያቄ፦ ከፓርቲው በፊት የባህሩን ሰዓት እዩ

ከቱሉ ዲምቱ ለጻፍሽው እህቴ። ላላዩት ጥያቄሽን ላሳጥረው። አራት ጓደኛሞች ናችሁ፤ በሐምሌ ለስድስት ሌሊት ቦርሳ አዝላችሁ ዛንዚባር ልትሄዱና ጨረቃ ስትሞላ ባህር ዳር የሚደረገውን፣ ፉል ሙን ፓርቲ የሚባለውን ልታዩ ነው። ስድስቱንም ሌሊት ፓርቲው ያለበት ኬንድዋ እንደር ወይስ ርካሹ ፓጄ ነው ያልሽው። ከመሃላችሁ ሁለቱ ዋና አይችሉም።

እኔ ሱሉልታ ነኝ። ሐምሌ ላይ እዚህ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ጭጋጉ በር ላይ ይቆማል፣ የታጠበ ልብስ በሦስት ቀኑም አይደርቅም። ዛንዚባር ግን ያን ጊዜ ደረቅ ነው። የእነሱ ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ስለዚህ ወሩን መርጣችኋል፣ የሚቀረው ቦታው ነው።

እኛ ባለፈው ሐምሌ ሦስት ሆነን ስንሄድ ብር ለመቆጠብ ብለን መጀመሪያ ፓጄ አረፍን። አንድ ዶርም ውስጥ፣ በአልጋ 15 ዶላር ገደማ። የደረስነው ከሰዓት አስር ሰዓት ላይ ነው፤ ባህሩ ደጃፉ ድረስ መጥቶ ነበር። ደክሞን ስለነበር ነገ እንዋኛለን ብለን ተኛን። በነጋታው አራት ሰዓት ላይ ፎጣ አንጠልጥለን ስንወጣ ባህር የለም። በቃ የለም! እርጥብ አሸዋ ብቻ እስከ ዓይን ማለቂያ፣ ማዶ ማዕበሉ ድንጋዩ ላይ ሲሰበር እንደ ነጭ ክር ይታያል። አንዱ ጓደኛችን የተሳሳተ ቦታ ያመጡን መስሎት ቡኪንጉን ማየት ጀመረ። ምን ይደረግ፣ እኛ የምናውቀው ውሃ ላንጋኖ ነው፤ ላንጋኖ ደግሞ ትናንት ያለበት ቦታ ዛሬም አለ።

ባህሩ በቀን ሁለቴ ይመጣል፣ ሁለቴ ይሄዳል። በመሃሉ ስድስት ሰዓት ከምናምን አለ፤ በየቀኑም ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ከፀሐይ ጋር በአንድ መስመር ስለሚስቡት ሲመጣም ብዙ ይመጣል፣ ሲሸሽም ሩቅ ይሸሻል። አሁን አስቡት፤ ለፉል ሙን ፓርቲ የሚሄድ ሰው የሚሄደው ባህሩ በጣም በሚሸሽበት ሳምንት ነው። የምሥራቁ ዳርቻ፣ ማለትም ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ዝርግ ስለሆነ ውሃው በጣም ርቆ ይሄዳል። ሰሜን ጫፍ ያሉት ኬንድዋና ኑንግዊ ግን ውሃቸው ከዳር ቶሎ ስለሚጠልቅ አብዛኛውን ቀን መዋኘት ይቻላል። ይህን ማንም አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ውሃው ከሄደ በእግራችን እንከተለዋለን አልን። መንገዱ ደስ ይላል። ሴቶቹ እንጨት ተክለው ገመድ ላይ የባህር ሣር ያመርታሉ፣ ምዋኒ ይሉታል፤ ገመዱን እንዳትረግጡባቸው፣ እንጀራቸው ነው። ሩቅ ከሄድን በኋላ እኔ ጥቁር እሾሃም ነገር ረገጥኩ፤ የባህር ጃርት በሉት። እሾሁ እግሬ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። ጓደኞቼ እኔን ሲያዩና ሲስቁ ቆይተው ዞር ስንል ከኋላችን፣ በእኛና በሆስቴሉ መሃል ያለው ዝቅ ያለ ቦታ ውሃ ሞልቷል! ከፊት ይመጣል ብለን ስንጠብቅ በጀርባችን ዞረ። እያነከስኩ ስሻገር ደረቴ ድረስ መጣ፤ አጭሩ ጓደኛችን ደግሞ ዋና አይችልም፣ ሁለታችን መሃል አድርገን ነው ያወጣነው። እዚያ ያለች አንዲት እናት ያልበሰለ ፓፓያ ቆርጣ ወተቱን እግሬ ላይ ቀባችልኝ፤ እሾሁ በማግስቱ ለስልሶ ወጣ። ዋና ለማይችሉት ለሁለቱ ንገሪያቸው፤ ውሃው መመለስ ከመጀመሩ በፊት ዞር ማለት ነው፣ ፎቶው ይደርሳል። ውሃው በዚያ ቀን የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ሰዓት ሆስቴሉን ጠይቁ፤ ስልክ ላይም ይገኛል። እና መርካቶ ሄዳችሁ ኮንጎ ጫማ ግዙ። የምሬን ነው፣ ከሁሉም ዕቃ በላይ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው።

እኔ ብሆን አንድ ሌሊት ስቶን ታውን (አሮጌው የዛንዚባር ከተማ)፣ ሦስት ሌሊት ኬንድዋ ወይም ኑንግዊ ፓርቲውን መሃል አድርጌ፣ የቀረውን ሁለት ሌሊት ፓጄ አድራለሁ። ስድስት ሌሊት ሙሉ ኬንድዋ ለቦርሳ ተጓዥ ኪስ ይከብዳል፤ ከፓርቲው በኋላ ደግሞ ሰው ተበትኖ ሰፈሩ ቀዝቀዝ ይላል። ከስቶን ታውን ወደ ኑንግዊ 116 ቁጥር ዳላዳላ አለ። እንደኛ ሚኒባስ ተጨናንቆ ነው የሚሄደው፣ ረዳቱም የኛውኑ ረዳት ነው የሚመስለው። ታክሲ ከሚጠይቃችሁ ጋር ሲተያይ ዋጋው ምንም ማለት ነው።

ፓርቲው ሁልጊዜ ጨረቃዋ በሞላችበት ቀን አይደለም፤ ወደ ቅዳሜ ይጠጋል። ቀኑን ሳታረጋግጡ ቲኬት እንዳትቆርጡ። የኛው ሐምሌ 5 ላይ ዋለና አንዱ ጓደኛችን የሐዋርያትን ጾም የሚፈታበት ቀን ሆነ። ልጁ ያን ሁሉ ቀን ባቄላ በኮኮናት ወተት ሲበላ ቆይቶ (ጾመኛ እዚያ አይራብም) ያን ማታ አሸዋው ላይ አንድ ሙሉ ዶሮ ብቻውን ጨረሰ። ፓርቲው ራሱ ጥሩ ነው፣ ግን አታግንኑት። የቦንጎ ፍሌቫና የአማፒያኖ ሙዚቃ፣ እሳት የሚያሽከረክሩ ልጆች፣ ውድ ቢራ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ እስክስታ ስንጀምር ክብ ተሠራልን፤ ሱሉልታ ላይ ማንም ዞር ብሎ የማያየኝ ሰው እዚያ ቪዲዮ ተቀረጽኩ። ጠጥታችሁ ግን ውሃ እንዳትገቡ፤ ሌሊት ማን ያያችኋል።

ያን ሌሊት የተያዘልን አልጋ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። የማረፊያውን ስም አልጠራም። በስልክ እሺ ብሎን ነበር፣ የጽሑፍ ማረጋገጫ አልያዝንም፤ እስኪነጋ ቦርሳችንን ተንተርሰን አሸዋ ላይ አደርን። ለፓርቲው ሌሊት ቀብድ ከፍላችሁ በጽሑፍ ያዙ።

ሰዓትን በተመለከተ ዕድለኞች ነን። ስዋሂሊ እንደኛ ነው የሚቆጥረው፤ ሳ ምቢሊ ማለት ሁለት ሰዓት፣ የኛው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ዶርማችን ውስጥ የነበረው ፈረንጅ ይህን ሳይገባው ጀልባ አመለጠው፣ እኛ ቀድመን ተሳፍረናል። ነገር ግን በእንግሊዝኛ ካወሩ የፈረንጅ ሰዓት ስለሚሆን አንዴ ደግማችሁ ጠይቁ።

ጫት ይዤ ልሂድ የሚል ካለ ይተወው። እዚያ ሚሩንጊ ይሉታል፣ በታንዛኒያ ሕገ ወጥ ነው፤ ለሁለት እስር ጫት ብሎ ጉዞውን ማበላሸት የለበትም። አገሩ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፤ ቢኪኒ ባህር ዳር ነው፣ መንደር ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ፓፓሲ የሚሏቸው ልጆች አስጎብኚ ነን ብለው ይከተሏችኋል፤ ፈገግ ብላችሁ ማለፍ ነው።

ወረቀቱን በአጭሩ፦ ቪዛውን በኦንላይን አስቀድማችሁ ጨርሱ፣ ኤርፖርት ደርሼ አገኛለሁ አትበሉ። የቢጫ ወባ ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱ ከመሄዳችሁ ቢያንስ 10 ቀን በፊት ይሁን። ከመስከረም 21 ቀን 2017 ጀምሮ ደግሞ የዛንዚባር መግቢያ ኢንሹራንስ ግዴታ ሆኗል፣ ለአዋቂ 44 ዶላር፤ ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም አይተካውም። የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት አትርሱ። ዶላራችሁ አዲስና ያልተቀደደ ይሁን፣ አሮጌውን እያገላበጡ ይመልሱላችኋል።

ቦርሳ ከጎደላችሁ የኔ ባለ 40 ሊትር አለ። ሱሉልታ ድረስ መጥታችሁ ውሰዱት፤ አንዱ ዚፕ ግን አሸዋ ገብቶበት እስከ ዛሬ አልዘጋ ብሏል።