የልብ ሕሙማንን ተስፋ መለካት ምን ሥራ ያስገኛል?

ጥያቄ፦ በመንግሥት ሆስፒታል የልብ ተመላላሽ ክሊኒክ የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ጎን ለጎን ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ የልብ ሕሙማንንና የአስታማሚዎቻቸውን ብሩህ ተስፋ መለካት አስቤያለሁ። ባልደረቦቼ ግን «ይኼ ደግሞ ምን ሥራ ያስገኛል? ደም ግፊት ላይ ሥሪ» ይሉኛል። ልተወው?

መልስ፦ አትተዪው፣ እህቴ። ባልደረቦችሽ ግን አንድ እውነት ይዘዋል፤ በርዕሱ ብቻ የተቀጠረ ሰው አላውቅም። ቀጣሪ የሚጠይቅሽ ያንን ጥናት ስትሠሪ በእጅሽ ምን እንደሠራሽ ነው። ይኼ ርዕስ በደንብ ለያዘው ብዙ ሙያ ያስተምራል፤ በዋዛ ለያዘው ደግሞ አሥር ጥያቄ አስሞልቶ መገላገል ነው።

አሥር ያልኩት በምክንያት ነው። በብዛት የሚሠራበት መለኪያ «ላይፍ ኦሪየንቴሽን ቴስት» ይባላል። ሻየርና ካርቨር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1985 አውጥተውት በ1994 ተሻሽሏል። ካሉት 10 ዓረፍተ ነገሮች ነጥብ የሚያዘው በ6ቱ ብቻ ነው፤ 4ቱ ማዘናጊያ ናቸው። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል፣ ድምሩ ቢበዛ 24 ይሆናል። ከስድስቱ ሦስቱ ጨለምተኛ አባባሎች ስለሆኑ ነጥባቸው ይገለበጣል (0 የነበረው 4 ይሆናል)። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፤ «መልካም ነገር አልጠብቅም» ለሚል አባባል «አልስማማም» ብሎ መመለስ ለደከመ ሰው ግራ ነው። መጠይቁን አስቀድመሽ በጥቂት ሰዎች ስትሞክሪ፣ መላሹ ምን ማለቱ እንደሆነ በራሱ አፍ እንዲያስረዳሽ አድርጊ።

እነዚሁ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1989 ባሳተሙት ጥናት የልብ ባይፓስ ቀዶ ሕክምና (ለጠበበ የልብ ደም ሥር ተለዋጭ መተላለፊያ መሥራት) የተደረገላቸውን 51 ወንዶች ተከታትለው ነበር፤ ተስፈኞቹ ቶሎ አገገሙ፣ ወደ ኑሯቸውም ቶሎ ተመለሱ። በ2019 የወጣ፣ 15 ጥናቶችንና ከ229 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ትንተና ደግሞ ተስፈኞች በልብና የደም ሥር ሕመም የመጠቃት ዕድላቸው በ35 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ይህን ይዘሽ «ተስፋ ልብን ያድናል» ብለሽ እንዳትጽፊ። ተስፋ ያለው ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጥ ይሆናል፤ ወይም ከመነሻው ሕመሙ የቀለለለት ሰው ይሆናል ተስፈኛው። ፈታኞችሽ መጀመሪያ የሚይዙሽ እዚህ ጋ ነው።

ጥናቱን የአንቺ የሚያደርገው ግን ክሊኒክሽ ነው። እነዚያ 51 ሰዎች በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ነበሩ። አንቺ አግዳሚው ላይ የምታያቸው ብዙዎቹ በሩማቲክ ሕመም (ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት በሚነሣ ሕመም) የልባቸው ክዳን የተጎዳ ወጣቶች፣ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጉ፣ የቀዶ ሕክምና ወረፋ የሚጠብቁ ናቸው። አጠገባቸው እናት ወይም እህት አለች። ልጁን «እንዴት ነህ?» ስትዪው ትንፋሽ እያጠረው እንኳ «ተመስገን» ይልሻል፤ ሌላው «አልሃምዱሊላህ» ይላል። ይህ መልስ ምን ያህሉ ተስፋ፣ ምን ያህሉ እምነት፣ ምን ያህሉ ጨዋነት እንደሆነ አሥሩ ጥያቄ ብቻውን አይለይልሽም። ስለዚህ ከጥቂቶቹ ጋር ረዘም ያለ ቃለ መጠይቅ ጨምሪ።

ታማሚና አስታማሚን አንድ ላይ አታስሞዪ። እናቱ እያየችው ተስፋ ቆርጫለሁ የሚል ልጅ አታገኚም፤ እሷም እሱ ፊት አትልም። ቤተሰቡ የሕመሙን ክብደት ከታማሚው ደብቆም ሊሆን ስለሚችል የጥያቄሽ አቀራረብ ምስጢር እንዳያወጣ አስቢበት። ደግሞም ዛሬ ካርድ ይዞ የመጣው ዘመድ ሌሊት የሚያድረው ላይሆን ይችላል። አስታማሚ የምትዪው ማንን እንደሆነ ከመጀመሪያው ወስኚ። የአስታማሚን ሸክም የሚለካው የዛሪት መጠይቅ 22 ጥያቄ አለው፤ ከተስፋው ጎን ብታስገቢው ጥናትሽ ይጠነክራል። በነገራችን ላይ እኔ ካንቺ ርዕስ የወደድኩት አስታማሚዎቹን መጨመርሽን ነው፤ ካርድ ላይ ስማቸው ስለማይጻፍ ማንም አይጠይቃቸውም።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ይህ ጽሑፍ የሥነ ልቦና ባለሙያ አያደርግሽም፤ የምክር አገልግሎት ለመስጠት ካሰብሽ የዚያን ሙያ ትምህርትና ፈቃድ ማግኘት ይኖርብሻል። የሚያቀርብሽ ወደ ምርምር ሥራ ነው፦ የመረጃ ሰብሳቢዎች ተቆጣጣሪነት፣ የጥናት አስተባባሪ ነርስነት፣ በግብረ ሰናይ ድርጅቶች የክትትልና ግምገማ ክፍል። ለእነዚህ መጠይቁን ራስሽ በኮቦ ቱልቦክስ (መጠይቅ በስልክ ወይም በታብሌት የሚሞላበት መሣሪያ) ጫኚው፤ ትንተናውንም ገንዘብ ከፍለሽ አታሠሪ፣ በኤስፒኤስኤስም ሆነ በስታታ በተባሉት የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ራስሽ ሥሪው። በገንዘብ የተሠራ ትንተና የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ በሁለት ጥያቄ ይታወቃል።

ክሊኒኩን አሁን አትልቀቂ። ሲቪሽ ላይ ርዕሱን ብቻ አትጻፊ፤ ስንት ሰው እንደጠየቅሽ፣ በምን እንደተነተንሽ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃዱን ራስሽ እንዳስጨረስሽ ከሥሩ አስፍሪ። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽም «ነርስ» ብቻ ብሎ እንዳይቀር፣ የልብ ክሊኒክ መሆኑ ተጠቅሶ እንዲጻፍልሽ የሰው ሀብት ክፍሉን ከወዲሁ ጠይቂ።