ሃይሉክሱስ ይጎትታል፤ ቁልቁለቱ ላይ የሚይዘው ማነው?

ሰላም ወንድሜ። ሞተሯ የነከሰ ኮሮላ ከጫንጮ ቃሊቲ ጋራዥ ለማድረስ ተሳቢ ተከራይቼ በሃይሉክስ ብጎትታት ይሆናል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ሰዉ «ሃይሉክስ ምን ያቅተዋል፣ አትጨነቅ» እያለ መልሶልሃል። እኔ የእህቴን ኮሮላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዓይነት ፒክአፕ፣ ራሴ ነድቼ አምጥቻለሁ። በሰላም ገብታለች፤ ተጠግና ዛሬም ትሠራለች። ስለዚህ ይሆናል። ግን ከመክፈልህ በፊት ይህን አንብብ።

1. የመጎተቱን ነገር እርሳው። ናፍጣ ሃይሉክስ ኮሮላ መጎተት አያቅተውም። ጭንቁ ማቆሙ ላይ ነው። ኮሮላዋ እንደ ሞዴሏ ከ1,100 እስከ 1,300 ኪሎ ትመዝናለች። የብረት ተሳቢው ራሱ ከ500 ኪሎ ቢያልፍ አይግረምህ። ሲደመር ወደ 1,800 ይጠጋል። ሃይሉክስ የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ እንዲጎትት የሚፈቀድለት እስከ 750 ኪሎ ብቻ ነው። 2,500፣ 3,500 እየተባለ የሚወራው ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ነው። ይህን ማንም አልነገረህም።

2. ፍሬኑን ራስህ ሞክረው። እኔ የተከራየሁት ከከተማው ዳር ካለ ሰው ነው። ፍሬኑ ይሠራል ወይ ብዬ ብጠይቀው «አንቺ ምን አገባሽ፣ ሹፌሩን ጥሪልኝ» አለኝ። ሹፌሯ እኔ ነኝ ስለው ሳቀ። ከልጅነቴ ጀምሮ የአባቴን አይሱዙ ስጠግን ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በጣም ነው ያናደደኝ። ዝም ብዬ ተሳቢውን ፒክአፑ ላይ አስገጠምኩ፣ የተሳቢውን የእጅ ፍሬን ሳብኩና ቀስ ብዬ ወደ ፊት ነዳሁ። ጎማዎቹ እምቢ ማለት ነበረባቸው። የግራዎቹ ያዙ፤ የቀኞቹ ዝም ብለው ይሽከረከራሉ። ሰውየው «ሁሉም እንደዚሁ ነው የሚወስደው» ብሎ ሊያልፈኝ ፈለገ። አልወስድም አልኩ። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ መካኒክ ጠርቶ የላላውን የፍሬን ገመድ አስጠበቀ። ደግሜ ሞከርኩት፣ ያዘ። ያኔ ነው የፈረምኩት።

የዚያ ክርክር ጥቅም የገባኝ ከእንጦጦ ወደ አዲሱ ገበያ ስወርድ ነው። መንገዱን ታውቀዋለህ፤ ቁልቁለት፣ ኩርባ፣ ከኋላ ጡሩንባ የሚነፋ ሚኒባስ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ ማርሽ አስገባና ሞተሩ ይያዝልህ። ፍሬኑ ላይ እግርህን አስደግፈህ አትውረድ፤ ይግላል፣ ከጋለ ደግሞ አይዝም። ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ልቀቅ። ሚኒባሱ ይጩህ፣ ቦታ ሲገኝ ያልፍሃል።

3. አጫጫኑ። እኔ ጫንጮ ላይ መኪናዋ ከቆመችበት ግቢ ጥበቃ ጋር ስተሳሰብ፣ ከአከራዩ ጋር የመጡት ልጆች የኋላዋን ወደ ፊት አዙረው ጭነው ጠበቁኝ። «ያው ነው» አሉ። ያው አይደለም! የኮሮላ ክብደት የሚበዛው ሞተሩ ባለበት በፊቷ በኩል ነው። ያ ክብደት ወደ ተሳቢው ጭራ ከሄደ ጋንቾው ላይ፣ ማለትም ተሳቢው ከፒክአፑ ጋር በሚያያዝበት ቦታ፣ የሚያርፈው ጭነት ይቀላል። ከጠቅላላው ቢያንስ አሥር በመቶው ጋንቾው ላይ ማረፍ አለበት። የሱሉልታ ሜዳ ላይ ፍጥነት ትንሽ እንደጨመርኩ ተሳቢው እንደ በሬ ጭራ መወዛወዝ ጀመረ፤ የፒክአፑንም ቂጥ ይዞት ይሄዳል። ነዳጅ ለቀቅኩ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፣ ፍሬን አልነካሁም። በራሱ ረጋ። ያኔ ፍሬን ብትረግጥ ወይም መሪ ብታዞር ይጠመዘዝብሃል። ዳር አስይዤ ኮሮላዋን አስወረድኩ፣ አዙረን በፊቷ ጫንናት። ልጆቹ እስኪጨርሱ ያጉረመርሙ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቃሊቲ ድረስ አልተነቃነቀም። አንተ ከመጀመሪያው በፊቷ አስጭን። አራቱም ጎማዎች በቀበቶ ይታሰሩ፣ ትንሽ ሄደህ ቁምና ላልቶ እንደሆነ እየው።

የቀረው ቀላል ነው። የፒክአፕህ ኳስና የተሳቢው አፍ ልካቸው አንድ መሆኑን እይ። ሰንሰለቶቹን ከሥር አመሳቅለህ እሰር፤ ጋንቾው ቢወልቅ የተሳቢውን አንገት አስፋልት ሳይነካ ይይዙታል። ፍሬቻና የፍሬን መብራት ሞክር። እሑድ በጠዋት ውጣ።

ስለ መያዣ ገንዘቡም ልንገርህ። ስመልስለት ሰውየው «ጎማው ተቀዷል» ብሎ መያዣዬን ሊያስቀርብኝ ነበር። ስወስደው አራቱንም ጎማ ዞሬ በስልኬ ቀርጬ ነበር። ቪዲዮውን ከፍቼ፣ ያንኑ ቅድ፣ ያንኑ ቦታ አሳየሁት። እዚያው ደጅ ላይ አስጠብቆ አስጠብቆ፣ በመጨረሻ ሙሉውን ቆጥሮ ሰጠኝ። ይቅርታ አላለም። አንተም ስትወስድ እሱ ፊት ቅረጽ፤ የነበረውን ጉዳት ውሉ ላይ አስጽፍ።

ፍሬኑን አላሳይም ካለህ ወይም ስትሞክረው ካልያዘ ተሳቢውን ተወው። አይሱዙ ተከራይና ኮሮላዋን ላዩ ላይ ጫናት። ክፍያው ይበዛል፣ ግን ሲሠራ ከኖረ ሹፌር ጋር ከእንጦጦ ትወርዳለህ።