ከማይበላ ዘይት ነዳጅ ስለመሥራት፦ ጥያቄና መልስ

ከጃትሮፋ (ፍሬው ዘይት ያለው ቁጥቋጦ ነው)፣ ከጉሎና ከኒም ዘይት ስለሚሠራ ነዳጅ የጠየቃችሁኝን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ። ካታሊስት ስል ኬሚካላዊ ለውጡን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በለውጡ የማያልቅ ነገር ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ ዘይቱን እንዳለ የናፍጣ ሞተር ውስጥ ብንጨምረውስ?

ሞተሩ ይነሳ ይሆናል። ግን ዘይቱ ከናፍጣ 10 እጥፍ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ዝልግልግ ነው። ኖዝሉ (ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ጫፍ) አድቅቆ ሊረጨው አይችልም። በደንብ ሳይቃጠል ይቀርና ካርቦን ይጋገራል። አልመክርም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ካታሊስቱ ምን ይለውጣል?

አንድ የዘይት ሞለኪውል ማለት በአንድ ግሊሰሪን ላይ የተያያዙ ሦስት ረጃጅም ፋቲ አሲዶች (የስብ አሲዶች) ናቸው። በካታሊስቱ እገዛ ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ነው) የግሊሰሪኑን ቦታ ይወስዳል። ከአንድ ትልቅ ሞለኪውል ሦስት ትናንሽ ይወጣሉ፤ ባዮዲዝል እነሱ ናቸው። 100 ኪሎ ዘይት 11 ኪሎ ገደማ ሜታኖል ይፈጃል፤ 100 ኪሎ ያህል ባዮዲዝልና 10 ኪሎ ገደማ ግሊሰሪን ይሰጣል። በተግባር ሜታኖሉን እጥፍ እናደርገዋለን፤ አለዚያ ለውጡ መንገድ ላይ ይቆማል። ትርፉ ተተንኖ ይመለሳል። ሙቀቱ 60 ዲግሪ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የጃትሮፋ ዘይት በኮስቲክ ሶዳ ሞክሬ ሳሙና ሆነብኝ። ምን አጥፍቼ ነው?

ጥፋቱ የዘይቱ ነው፣ ወንድሜ። የማይበሉ ዘይቶች፣ በተለይ ፍሬው ከቆየ ወይም እርጥበት ካገኘው፣ ብዙ ነፃ፣ ማለትም ከግሊሰሪን ጋር ያልተያያዘ፣ ፋቲ አሲድ ይይዛሉ። አሲዱ ካታሊስት የሆነውን ኮስቲክ ሶዳ ሲያገኝ ሳሙና ይሆናል። ካታሊስቱም እዚያው ይበላል፣ ግሊሰሪኑም አልለይ ይላል።

ስለዚህ ካታሊስት ከመምረጥህ በፊት ዘይቱን ለካ። 1 ሚሊ ሊትር ዘይት በ10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል አሟሟ። ጥቂት ፌኖልፍታሊን (አሲዱ ሲያልቅ ቀለም የሚያወጣ መጠቆሚያ) ጠብ አድርግበት። 1 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ በጥብጠህ፣ ሐምራዊው ቀለም ሳይጠፋ እስኪቆይ በጠብታ ጨምር። 3 ሚሊ ሊትር ከፈጀ አሲዱ ከ2 በመቶ በላይ ነው ማለት ነው። ያኔ በሁለት ደረጃ ትሄዳለህ። መጀመሪያ በሜታኖልና በጥቂት ሰልፈሪክ አሲድ፣ ነፃው አሲድ ራሱ ወደ ባዮዲዝል ይቀየራል። የሚወጣውን ውሃ ካስወገድክ በኋላ ወደ ኮስቲክ ሶዳው ትመለሳለህ። አሲዱ ከ1 በመቶ በታች ሳይወርድ አትለፍ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ ድካሙም ሁሉ የሚባክነው እዚሁ ነው።

አደራ፦ ሜታኖል መርዝ ነው፣ እሳቱም በቀን ብርሃን እምብዛም አይታይም። ዝግ ቤት ውስጥ አትሥራ።

ጥያቄ፦ የሠራሁት በትክክል ባዮዲዝል መሆኑን በምን ልወቅ?

27 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ላይ ከሠራሽው 3 ሚሊ ሊትር ጨምረሽ አናውጪው፣ ከዚያ አስቀምጪው። ባዮዲዝል ሙሉ በሙሉ ይሟሟል። ከሥር የዘይት ጠብታ ከተኛ ያልተለወጠ ዘይት አለ።

ጥያቄ፦ የእንቁላል ቅርፊት ካታሊስት ይሆናል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ እኔም በጣም የምወደው ዘዴ ነው። ቅርፊቱ 900 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል ካልሲየም ኦክሳይድ ይሆናል። ጠጣር ስለሆነ ተጣርቶ ይወጣል፣ ደግሞም ያገለግላል። ግን አየር ላይ ከተተወ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ይደክማል። አሲድ የበዛበትን ዘይትም አይችለውም።

ጥያቄ፦ ጉሎስ?

ለውጡ ራሱ አያስቸግርም። ባዮዲዝሉ ግን ከመጠን በላይ ዝልግልግ ነው፤ የአውሮፓው የባዮዲዝል ጥራት መለኪያ ከሚፈቅደው ላይኛው ወሰን 3 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ለብቻው አይሆንም፣ ከሌላ ጋር መደባለቅ አለበት።

ጥያቄ፦ ለአውሮፕላንስ ይሆናል?

ባዮዲዝሉ አይሆንም፣ ውስጡ ኦክስጅን አለ። ለአውሮፕላን ዘይቱን ከ300 ዲግሪ በላይ፣ በከፍተኛ ግፊት፣ ከሃይድሮጅን ጋር በኒኬልና ሞሊብደነም ካታሊስት ላይ ያሳልፉታል። ኦክስጅኑ ይወጣና ንጹህ ሃይድሮካርቦን (ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ የያዘ) ይቀራል። ከዚያ በብርድ እንዳይረጋ በሌላ ካታሊስት ሰንሰለቱን ቅርንጫፍ ያወጡለታል። በታኅሣሥ 2008 ማብቂያ (እንደ አውሮፓውያን) የኒውዚላንዱ አየር መንገድ ኤር ኒውዚላንድ በአንዱ የቦይንግ 747 ሞተር ግማሹ ከጃትሮፋ የሆነ ነዳጅ በሙከራ በረራ ፈትኗል። ይህ ግን የጓሮ ሥራ አይደለም፣ የማጣሪያ ፋብሪካ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ የሚተርፈውን ፋጉሎ ለከብት ብንሰጥስ?

በፍጹም። የጃትሮፋው ፎርቦል ኤስተር፣ የጉሎው ደግሞ ራይሲን የሚባል መርዝ አለበት። ለማዳበሪያ ግን ይሆናል።