«የንግድ ደረሰኝ» ወይስ ኢንቮይስ?

ጥያቄ፦ ቃሊቲ ጉምሩክ አጠገብ በአንድ የትራንዚተር (የአስመጪዎችን የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽም ወኪል) ቢሮ ጸሐፊ ነኝ። ከውጭ የመጣ «ኮሜርሻል ኢንቮይስ» ወደ አማርኛ ስመልስ «የንግድ ደረሰኝ» እለዋለሁ። አንድ አስመጪ ግን «ገና ያልከፈልኩበትን ዕቃ እንዴት ደረሰኝ ትይዋለሽ?» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ አስመጪው ልክ ናቸው፤ ጆሯቸውም ደግ ጆሮ ነው። «ደረሰኝ» ስም ከመሆኑ በፊት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «ደረሰ» ላይ «ኝ» ተጨምሮ «ገንዘቡ እጄ ገባ» ይላል። ተናጋሪው ገንዘብ ተቀባዩ ነው። አማርኛ ወረቀትን በሰው አንደበት መሰየም ይሆንለታል፦ «ይግባኝ» የሚለው ባለጉዳዩ ነው፣ «ይለፍ» የሚለው የመፍቀድ ሥልጣን ያለው ሰው ነው፣ «ይሁንታ» የሚገኘውም «ይሁን» ካለ ሰው ነው። ዛሬ «ደረሰኞች»፣ «ይግባኙ» እያልን እንደ ማንኛውም ስም ብናረባቸውም የተናጋሪው ድምፅ ከውስጣቸው አልወጣም። ይህን የቋንቋችንን ሀብት እጅግ እወደዋለሁ።

እንግዲህ ኢንቮይሱ ላይ የሚናገረው ማን ነው? ሻጩ። የሚለውም «ይህን ያህል ዕቃ በዚህ ዋጋ ሸጬልሃለሁ፤ ክፈለኝ» ነው። ግዢው በዱቤ ከሆነ ኮንቴይነሩ ጂቡቲ ሲራገፍ ሻጩ አምስት ሳንቲም ላይደርሰው ይችላል። ጉምሩክም ኢንቮይሱን የሚጠይቀው በዋናነት ቀረጥ የሚሰላበትን ዋጋ ለማወቅ ነው፤ ማጓጓዣና መድን ዋጋው ውስጥ ካልገቡ ይደመሩበታል። «ደረሰኝ» ብለው ከጻፉ ግን አንባቢው ሒሳቡ ተዘግቷል ብሎ ያስባል።

መደባለቁ የመጣው ከአገር ውስጥ ገበያ ይመስለኛል። ሱቅ ውስጥ መሸጥና መቀበል ባንድ ጊዜ ስለሚፈጸሙ አንድ ወረቀት ለሁለቱም ይበቃል፤ በ1995 ዓ.ም. ተጨማሪ እሴት ታክስ ከተጀመረ ወዲህም «የታክስ ደረሰኝ» የሁላችን አፍ ላይ ነው። እዚያ ያለው አጠራር አይጎረብጥም።

«የዋጋ ማቅረቢያ» ማለትም አያዋጣም፤ እሱ ለፕሮፎርማ የሚስማማ ስም ነው፣ ሽያጩ ገና ሳይቆረጥ የሚሰጥ ወረቀት።

ስለዚህ ምክሬ «የሽያጭ ኢንቮይስ» ይበሉት ነው። «ዲክላራሲዮን»ን (ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ) ያለ ችግር የተሸከመ አማርኛ ይህንንም ይሸከማል። ቀረጡ ተከፍሎ ገንዘብ ተቀባዩ ማኅተም አድርጎ የሚሰጥዎት ወረቀት ግን ያለ ጥርጥር ደረሰኝ ነው።