ጤናዎ፦ «ፓፍ ከተለመደ አይለቅም» ይሉኛል

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። የ13 ዓመት ልጄ አስም እንዳለባት ከተነገረን ስምንት ወር ሆነን። ሁለት ዓይነት ፓፍ (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) ተሰጥቷት ነበር፤ አጠቃቀሙን ግን በወጉ ያስረዳን ሰው የለም። አንዱ ወዲያው ያስተነፍሳታል፤ ሌላው ለውጥ ስላላየሁበት አስተውኳት። ጎረቤቶቼም «ፓፍ ከተለመደ አይለቅም፣ ኪኒን ይሻላታል» ይሉኛል። አሁን በሳምንት ሦስት ሌሊት ያህል ሳል ይቀሰቅሳታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እናት፣ ልጅዎ በሌሊት ሳል መንቃቷ አስሟ ገና እንዳልተገታ ያሳያልና፣ በዚህ ሳምንት ሁለቱንም ፓፎች ይዘው ወደ ሐኪም ይውሰዷት። ወዲያው የሚያስተነፍሳት ሳልቡታሞል ሳይሆን አይቀርም፤ የተኮማተረውን የመተንፈሻ ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ኃይሉ ያልቃል። ያስተዉት፣ ብዙ ጊዜ ቤክሎሜታዞን የሚሆነው፣ በቧንቧው ውስጥ ያለውን እብጠትና መቆጣት ቀስ በቀስ ያበርዳል፤ ፋይዳው የሚታየውም ከቀናት እስከ ሳምንታት ቆይቶ ስለሆነ፣ ብዙ ወላጆች እንደ እርስዎ «አይሠራም» ብለው ይተዉታል። በሽታውን ከሥሩ የሚይዘው ግን እርሱ ነው። ጂና የተባለው ዓለም አቀፍ የአስም ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ከ12 ዓመት ጀምሮ ያሉ ሕሙማን በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ የመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ደኅና በሆነችበት ቀን ጭምር በታዘዘላት መጠን ትውሰደው፤ ከወሰደች በኋላም አፏን ትጉመጥመጥ።

ፓፍ ሱስ አያስይዝም። ኪኒኑ ይሻላል የሚለውም በስሌት አይቆምም፤ ሳልቡታሞሉ አንዴ ሲጫን የሚወጣው (አንድ ፓፍ) 100 ማይክሮግራም ሲሆን የ4 ሚሊግራም ኪኒን ግን የ40 ፓፍ ያህል መድኃኒት በመላ ሰውነቷ ያሰራጫል፣ የልብ መምታትና የእጅ መንቀጥቀጥም ያመጣል።

አወሳሰዱ ካልተስተካከለ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የግማሽ ሊትር የውሃ ሃይላንድ በሳሙና ውሃ አጥበው ያድርቁ፤ ከዚያ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ቆርጠው ፓፉን አጥብቀው ይሰኩበት። ልጅቷ በጠርሙሱ አፍ ላይ ከንፈሯን ገጥማ፣ ፓፉ አንዴ ሲጫን ቀስ ብላ በረጅሙ ትሳብና እስከ 10 ሰከንድ ትንፋሿን ትያዝ። ፓፉን በተጫነ ቁጥር አስቀድመው መናጥ አይርሱ።

እንጀራ በእንጨትና በኩበት የምትጋግሩ ከሆነ፣ ምድጃው ከመኝታ ክፍሏ ርቆ ውጭ ቢሆን፣ በርበሬ ሲታመስም እርሷ ባትኖር ይመረጣል። ቡና አታፍሉ ማለቴ አይደለም፤ ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፣ ዕጣኑ ግን ይቅር። የምትተኛበትን አንሶላና ብርድ ልብስ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ይጠቡ።

አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታት፣ ጎኗ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ፣ እስኪነጋ አይጠብቁ። ሳልቡታሞሉን በጠርሙሱ አንድ በአንድ ከ4 እስከ 10 ፓፍ ይስጧት፤ በየ20 ደቂቃው እየደገሙም ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት። ከከተማው ዳር በሌሊት መኪና ማግኘት እንደሚከብድ ስለማውቅ፣ የቀይ መስቀልን የአምቡላንስ ቁጥር 907ን በስልክዎ ይያዙ፣ መኪና ካለው ጎረቤትም ጋር ከዛሬው ይነጋገሩ።