የእመቤታችን ወገብ ለምን ዘመም አለ?

ጥያቄ፦ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ከዝሆን ጥርስ የተቀረጸች፣ ልጇን የታቀፈች ትንሽ የእመቤታችን ምስል አየሁ። ለምንድን ነው ወደ ጎን ዘመም ያለችው? ነጭ ብቻ ነበረች?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ዓይንህ አያመልጠውም! ያየሃት የሳንት ሻፔሏ (ፓሪስ ያለው የነገሥታቱ ጸሎት ቤት) ከሆነች ቁመቷ 41 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የተሠራችውም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1260ዎቹ አካባቢ። የዝሆን ጥርስ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ስለዚህ ቀራጩ ከጉብጠቱ ጋር ከመታገል ምስሉን አብሮት አዘመመው። ግን ሁሉንም በጥርሱ አናሳብብ፤ በዚያ ዘመን የድንጋይ ሐውልቶችም ወገባቸውን ሰበር ያደርጉ ነበር፣ ፋሽን ነዋ።

ነጭ ብቻ አልነበረችም። ልብሷ ላይ የወርቅ ቅብ ርዝራዥ አለ። ሌሎቹም የዘመኑ የዝሆን ጥርስ ምስሎች ብዙዎቹ ከንፈራቸው ቀይ፣ የልብሳቸው ጠርዝ ወርቃማ ነበር፤ ዛሬ ነጭ የሚመስሉን ቀለሙ ስለለቀቀ ነው።

እኔን ግን ይበልጥ የሚገርሙኝ እንደ መጽሐፍ የሚከፈቱት፣ በማጠፊያ የተያያዙ ሁለት የዝሆን ጥርስ ሰሌዳዎች ናቸው። ባለቤቱ ቤቱ ከፍቶ፣ ፊቱ አቁሞ ይጸልይና ይዘጋቸዋል። አንዳንዶቹ መዳፍ ላይ ያርፋሉ፣ ግን ሕማማቱ ከነሰዉ ሁሉ ተጨናንቆ ገብቶባቸዋል። ሰሜን አውሮፓ ደግሞ የዝሆን ጥርስ ባልተገኘበት ጊዜ የባሕር እንስሳውን የዋልረስን ጥርስ ይቀርጹ ነበር።